ጨዋው አሳሪና ቁጡው ሹም

ከዳኝነት ሥራ በጡረታ የተገለሉ አንድ አረጋዊ፣ ታሪክ ከምታስተምር የወንድማቸው ልጅ ጋራ፣ በአሜሪካ ጥቁሮች እኩልነትን በጠየቁበት ዘመን ባለሥልጣኖች ስለ ሰጡት መልስ ያደረጉት ምልልስ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዳኛው፦ ልጄ፣ የበርሚንግሃምን ውሾችና ሕፃናቱን ከግድግዳ ጋራ ያጣበቀውን የእሳት አደጋ ውሃ በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ስለሌለ፣ መንግሥት ለእኩልነት ጠያቂዎች የሰጠውን መልስ ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል፤ አንቺ ግን ስሟን ብዙ ሰው ወደማያነሣት ወደ አልባኒ ከተማ፣ ያውም ዱላ ወዳላነሣ የፖሊስ አዛዥ ዞረሻል አሉኝ። እኔ እንደሚመስለኝ ግፍ የሚታወቀው በገሃድ ሲሠራ ነውና፣ ምክንያቱን ብትነግሪኝ እወዳለሁ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ በገሃድ የሚሠራ ግፍማ ምስክር አያጣም፤ እኔን ያሳሰበኝ ምስክር ያጣው ነው። በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ በምትገኘው በአልባኒ የጥቁሮቹ ማኅበራት ተባብረው በአውቶቡስ ጣቢያው፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በመናፈሻውና በምርጫው የተጣለባቸውን የመለያየት ሥርዐት በ1961 መጨረሻ ለመቃወም ሲነሡ፣ የከተማዪቱ ፖሊስ አዛዥ ሎሪ ፕሪቼት የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጋንዲና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ዘዴ አነበበ፤ አንብቦም የእነዚህ ሰዎች ኃይል የሚጐላው በተቃዋሚያቸው ቍጣ መሆኑን፣ እስር ቤቱን ሞልተው መንግሥትን ማስጨነቅ እንደሚሹም ተረዳ። ስለዚህ ፖሊሶቹ በሰው ፊት ዱላ እንዳያነሡና እንዳይሳደቡ አሠለጠናቸው፤ በዙሪያው ካሉት አውራጃዎች ሹማምንት ጋራም አስቀድሞ ተዋውሎ የእስር ቤቶቻቸውን ቦታ ያዘ። በታኅሣሥ አጋማሽ የታሰሩት ሰዎች ከ700 በላይ ሲሆኑ በየአውራጃው ተበተኑ እንጂ የአልባኒ እስር ቤት አልሞላም። ሰልፈኞቹ ሊጸልዩ ሲንበረከኩ እርሱም ከእነርሱ ጋራ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ያስራቸዋል።

ዳኛው፦ ጸሎት አስጨርሶ ማሰር! ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ በችሎት በተቀመጥሁበት ዘመን ፖሊስ ያቀረበልኝን እስረኛ መጀመሪያ የምመረምረው ገላው ላይ ሰንበር መኖር አለመኖሩን ነበር፤ ሰንበር የሌለበትን ሰው ያቀረበልኝ ሹም የፍርዱን ግማሽ ሠርቶ እንደ ሰጠኝ እቈጥረው ነበርና፣ ያንተን ሕግ አልቀበልም ብሎ ለመጣ ሕዝብ በጨዋ ቃል የመለሰውን አዛዥ ከነውሻው ከመጣው ጋራ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ርትዕ አይመስለኝም።

መምህርቷ፦ ያመሰገኑትማ ብዙ ናቸው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሮበርት ኬኔዲ ሳይቀሩ የከተማዪቱን ሹማምንት ጸጥታ ስላስከበሩ አመስግነዋቸዋል። ሰንበሩ ግን አልጠፋም፣ ጋሼ፤ አውራጃ ብቻ ለወጠ። በሐምሌ 1962 ካሚላ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ወደታሰሩት ሰዎች ስንቅ ይዛ የሄደችውን፣ ከማኅበራቱ መሪዎች የአንዱ ሚስት የሆነችውን ነፍሰ ጡር የዚያ አውራጃ ፖሊሶች መትተው መሬት ላይ ጣሏት፤ ከወራት በኋላ ልጇ ሞቶ ተወለደ። በዚያው ወር በአልባኒ ኪንግ 45 ቀን እንዲታሰር ወይም 178 ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት እስራቱን ሲመርጥ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ስሙ ያልተነገረ ሰው መቀጮውን ከፍሎልሃል ተብሎ ከወኅኒው ወጣ። ለእውነት ሲል ሊታሰር የመጣን ሰው አታስርም ብሎ መመለስን ያህል ጥበብ እኔ አላየሁም። ጲላጦስም እኮ እጁን በውሃ ታጥቧል።

ዳኛው፦ ጲላጦስን ካነሣሽውማ ነገሩ ከባድ ሆነ። የከተማው ምክር ቤትስ ምን መለሰ?

መምህርቷ፦ ከሁሉ የሚደንቀኝ እርሱ ነው። ጥቁሮቹ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንግባ ብለው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን ለሁሉም ዘጋው፤ መናፈሻውንም ዘጋ፤ የመዋኛ ገንዳውን ለግል ሰው ሸጠው። በ1963 ቤተ መጻሕፍቱ ለሙከራ ተከፈተ፤ ለሁሉም፣ ያለ ልዩነት ተከፈተ። ነገር ግን ወንበሮቹን አውጥተዋቸው ነበር። ነጭና ጥቁር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እንዳያነቡ ሁሉም ቆሞ ያንብብ፣ አለዚያም መጽሐፉን ተውሶ ይሂድ ማለት ነው። ይህን ውሳኔ ያሳለፉት ሰዎች እንደ ምክር ቤት ደንብ ተሰብስበው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው፣ ፈርመው መሆኑን ሳስብ፣ የበርሚንግሃሙ ውሻ ቅን እንስሳ ሆኖ ይታየኛል።

ዳኛው፦ የከተማ ምክር ቤትን ሞኝነት ለዋሽንግተን መስጠት ግን አይገባም። በርሚንግሃምን ተመልከቺ፤ ውሻው የተለቀቀው በግንቦት 1963 ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ቀርበው የዘር እኩልነት የኅሊናና የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን የተናገሩት ሰኔ 11 ቀን ነው። ከአርባ ቀን ያነሰ ነው። አንድ መንግሥት በዚያ ፍጥነት ሐሳቡን መለወጡ ለእኔ የሕገ መንግሥቱ መንፈስ መሥራቱን ያሳየኛል።

መምህርቷ፦ እንዴት እንደ ተለወጠ ብንመረምር ነው የምንለያየው። የበርሚንግሃሙ የጸጥታ ኮሚሽነር ዩጂን ኮነር እንደ ፕሪቼት ያነበበ ሰው አልነበረም፤ በሚያዝያ ለከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸንፎ፣ ከወንበሩ አልነሣም ብሎ በፍርድ ቤት የሚከራከር ሰው ነበር። ኪንግ በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 12፣ የፍርድ ቤቱን እግድ ጥሶ ሰልፍ ወጥቶ ታሰረ። በነገራችን ላይ በዚያ ዓመት የእነርሱና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበርና፣ እኛ በየቤተ ክርስቲያናችን ስንሰግድ በዋልንበት ቀን ነው የታሰረው። ስምንት የነጮች ካህናት ሰልፉ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው ብለው በጋዜጣ ስለ ጻፉ፣ ኪንግ ከእስር ቤት ሆኖ ያንን ዝነኛ መልሱን የጻፈው ለእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ዋሽንግተን ከዚያ ደብዳቤ የተነሣ አልተንቀሳቀሰችም፤ ደብዳቤው የታወቀው ቈይቶ ነው። ግንቦት 2 ቀን ልጆቹ ከ16ኛው ጎዳና ቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ ወጡ፤ በዚያ ቀን ብቻ ከ500 በላይ ሲታሰሩ እስር ቤቱ ሞላ። ኮነር እንደ ፕሪቼት የጎረቤት እስር ቤት አልተዋዋለም ነበርና፣ በማግሥቱ የሚያስርበት ቦታ ስላጣ ውሃውንና ውሻውን አመጣ። ያን ጊዜ ነው ዓለም ያየው።

ዳኛው፦ እንግዲያውስ ዓለም ስላየ ተሸማቀቁ ትይኛለሽ፤ በሰው ፊት መሸማቀቅ ደግሞ የኅሊና መጀመሪያ ነው፤ አባቶቻችን ንስሐን ሲያስተምሩ እንኳ ኀፍረትን ከደረጃዎቹ አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል።

መምህርቷ፦ ምን ያህል እንደ ተሸማቀቁ ለማየት አዲስ አበባን እናስታውስ። ልጆቹ በውሃ በተመቱበት ወር፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነቱን ድርጅት ለመመሥረት በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። የዩጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ከዚያው ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ በበርሚንግሃም የሚደረገውን የሚቃወም ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጉባኤውም በዘር መድልዎ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የአሜሪካን ጥቁሮች ስም ጠርቶ ኀዘኑን ገለጠ። ነገር ግን የውሳኔውን ሌላውን ወገን አይርሱ፤ የፌዴራሉ መንግሥት መድልዎን ለማስወገድ ስለሚያደርገው ጥረት አድናቆቱንም ጨምሮበታል። መንግሥት ለመንግሥት ሲናገር እንዲህ ነው፤ እየወቀሰ ያከብራል። ከዋሽንግተን ሆኖ ይህን ያነበበ ሰው፣ አንድ ሕግ ቢያወጣ ምን እንደሚያተርፍ፣ ባያወጣም ምን እንደሚያጣ በአንድ ገጽ ተጽፎለት አገኘው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲን ረስክ በዚያው ዓመት በሐምሌ በሴኔት ፊት ቀርበው የዘር መድልዎ የአገራቸውን የውጭ ግንኙነት እንደሚጐዳ መሰከሩ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ1952 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጻፈው አስተያየት ላይም ይህንኑ ምክንያት አቅርቦ ነበር። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሥልጣን የሚመልሰው የጥያቄውን እውነት መዝኖ አይደለም፤ አለመመለስ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቈጥሮ ነው፤ ፕሪቼት ዋጋውን ወደ ዜሮ አወረደው፣ ኮነር ግን ሰማይ አደረሰው።

ዳኛው፦ ይህ ነገርሽ ነጋዴ የሠራው ፍልስፍና ይመስላል። ዋጋ ሳይቈጥር የፈረደ ሰው አልነበረምን? እኔ አንድ ልጥራልሽ። ጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ የሚባል የደቡብ ካሮላይና የፌዴራል ዳኛ ነበረ፤ ከቻርልስተን የጥንት ባላባቶች ቤት የተወለደ፣ እስከ ሽምግልናውም እንደ ወገኖቹ የኖረ ሰው ነው። የክላረንደን አውራጃ ጥቁር ወላጆች የልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲተካከል ክስ ሲያቀርቡ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እርሱ ነበር፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ መለያየቱ ይጽና ሲሉ፣ እርሱ በ1951 ተለይቶ በጻፈው ፍርድ መለያየት በራሱ አለመተካከል ነው አለ። በዚያን ጊዜ ማን ነበር የሚያየው? የትኛው ጋዜጠኛ? የትኛው የአፍሪካ ጉባኤ? ቤቱ በድንጋይ ተመታ፣ ወዳጆቹ ሰላምታ ነሱት፣ በ1952 ጡረታ ወጥቶ ከአገሩ ከተማ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 የወሰነው እርሱ ብቻውን ያለውን ነው። በ1968 ሲሞት አስከሬኑ ቻርልስተን ተቀበረ፤ ከቀባሪዎቹ መካከል ነጮቹ ጥቂት ነበሩ ይባላል፤ ጥቁሮቹ ግን በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። በወንበር ላይ ተቀምጬ ፍርድ ስጽፍ ይህን ሰው ያሰብሁበት ቀን ብዙ ነው።

መምህርቷ፦ እርሱንማ አልነካውም፣ ጋሼ። ግን ፍርዱ ሲጸና የሆነውን ደግሞ ያውቃሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በአንድ ድምፅ ከወሰነ በኋላ፣ በ1955 አፈጻጸሙን ሲወስን ቀን አልቈረጠለትም። ቀን ያልተቈረጠለት ፍርድ ለማን እንደሚጠቅም ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዳኛው፦ ያ ሁለተኛው ውሳኔ ለእኔ የቁስል ያህል ነው፤ አልፈርድበትም፣ ግን አልከላከልለትም።

መምህርቷ፦ ደግሞ ሕጉ ራሱ ዱላ የሆነበት ጊዜ አለ። የአላባማ መንግሥት በ1956 የቀለም ሰዎችን መብት ለማራመድ የተቋቋመውን ብሔራዊ ማኅበር በግዛቱ እንዳይሠራ በፍርድ ቤት አሳገደው፤ የአባሎችህን ስም ዝርዝር አምጣ አለው፤ ዝርዝሩ ቢሰጥ አባሎቹ ሥራቸውንና ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ግልጽ ስለ ነበር ማኅበሩ እምቢ ሲል 100,000 ዶላር ቀጣው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 ለማኅበሩ ፈረደ፤ የአላባማ ፍርድ ቤቶች ግን በሥነ ሥርዐት ላይ ሥነ ሥርዐት እየደረቡ እስከ 1964 ድረስ በሩን ዘግተው አቈዩት። ስምንት ዓመት! ከዚህ ውስጥ አንድም ውሻ የለም። ማኅተም፣ ቀጠሮ፣ መዝገብ ብቻ ነው።

ዳኛው፦ ባለቀጠሮ መንግሥትን እኔም አውቃለሁ፤ በእርሱ ስም ቀጠሮ የሰጠሁ ሰው ነኝና። ይሁን። የአላባማዋ ሰልማስ? ሰልማን አላስቀርም፣ ምክንያቱም በዚያ የፌዴራሉ ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን አለ፤ የአላባማው አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ባልደረባው የነበረ፣ የቀድሞ ወዳጁን የሰልፍ እግድ ሰብሮ ለሰልፈኞቹ መንገዱን የከፈተ ዳኛ።

መምህርቷ፦ ሰልማ ለእኔም ትመቸኛለች፣ ምክንያቱም ሁለቱም ዓይነት ሹም በአንድ ከተማ ነበሩ። የከተማዪቱ የጸጥታ ኃላፊ ዊልሰን ቤከር የፕሪቼትን መንገድ የመረጠ ሰው ነበርና፣ ሰልፈኞቹን በጨዋ ቃል ማስተናገድ ፈልጎ ነበር፤ የአውራጃው ሸሪፍ ጂም ክላርክ ግን ቍጣውን መግታት አልቻለም። በዚያ አውራጃ ለምርጫ ዕድሜ ከደረሱት 15,000 ያህል ጥቁሮች የተመዘገቡት ከመቶ ሁለት ያህል ነበሩ፤ የምዝገባው ቢሮም በወር ሁለት ሰኞ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ሰዎቹ ተሰልፈው ሲቆሙ ቤከር እንዲጠብቁ ይፈልጋል፣ ክላርክ ይገፈትራል። መጋቢት 7 ቀን 1965 በከተማዪቱ ድልድይ ላይ የግዛቱ ፖሊሶችና የክላርክ ፈረሰኞች ሰልፈኞቹን በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ሲበትኑ፣ ቴሌቪዥኑ ለሕዝቡ አሳየው። ከስምንት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የምርጫ መብት ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ። ሹሙ ቤከር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ንግግር ይደረግ ነበር?

ዳኛው፦ ተሳስተሻል ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ሰልፉ ወደ ሞንትጎመሪ እንዲሄድ የፈቀደው የዳኛው የፍራንክ ጆንሰን ትእዛዝ ንግግር አይደለም። ዋላስ ጸጥታ ይደፈርሳል ሲል፣ ዳኛው ደግሞ የተቃውሞ መብት ስፋት የሚለካው በደረሰው በደል ስፋት ነው ብሎ ፈረደ፤ መንገዱ ሁለት መስመር በሚሆንበት ላይ ሰልፈኞቹ ከ300 እንዳይበልጡ እንኳ ለይቶ ወሰነ። እንዲህ ያለ ፍርድ፣ ዝርዝሩን እስከ መንገዱ ወርድ የወሰነ ፍርድ፣ ሳነብ እጄን በአፌ ነው የምጭነው። ስንት መልካም ፍርድ ዝርዝር ስላልተወሰነለት ብቻ ወረቀት ላይ ሞቶ ቀርቷል። ከመጋቢት 21 እስከ 25 ሄዱ፤ ሞንትጎመሪ ሲደርሱ 25,000 ያህል ሆነዋል፤ በነሐሴ 6 ሕጉ ተፈረመ። ሕጉም ልብ ብለሽ እዪው፣ ለሹሞቹ ተስማሙ ብሎ አይመክርም፤ የፌዴራል መዝጋቢዎችን ወደ አውራጃዎቹ ልኮ መዝግቡ ይላል።

መምህርቷ፦ እርስዎ እንዳሉት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን በሴኔት እንዴት እንዳለፈ ቢያስታውሱ፣ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ሴናተሮች በማያልቅ ንግግር ድምፅ እንዳይሰጥ ሲከለክሉ ኖረው፣ ሰኔ 10 ቀን በ71 ለ29 ንግግሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ከመዘጋቱ በፊት የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት ቤርድ ከ14 ሰዓት በላይ ተናግሯል። ይህም እንግዲህ የጨዋ ዘዴ ነው፤ መናገርን በመናገር መከልከል። በዚያው ሰሞን ደግሞ መንግሥት በአንድ እጁ ሕግ ሲያረቅቅ በሌላው እጁ የኪንግን ስልክ ያስጠልፍ ነበር፤ ፈቃዱን በ1963 ጥቅምት የፈረሙት ያው ሮበርት ኬኔዲ ናቸው። በኅዳር 1964 የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ስም የሌለው ደብዳቤ ከድምፅ ክር ጋራ ልኮለታል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም።

ዳኛው፦ አታስረዝሚው፣ እኔም አልወደውም። ይልቅስ ትምህርቱን በምን እንደምትደመድሚው ንገሪኝ። እንደ ጠበቃ ዋናውን ማስረጃሽን ለመጨረሻ ያስቀመጥሽ ይመስለኛል።

መምህርቷ፦ በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ነው። በ1959 ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤታችሁን ለሁሉም ክፈቱ ብሎ ሲያዝዝ፣ የአውራጃው ጉባኤ አንድም ሰው አልመታም፣ አንድም ሰው አላሰረም፤ ለትምህርት የሚሰበሰበውን ግብር አልሰበስብም አለ። ግብር ከሌለ ትምህርት ቤት የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ተዘጉ፤ ለነጮቹ ልጆች በአብያተ ክርስቲያናትና በየአዳራሹ የግል ትምህርት ቤት ወዲያው ተከፈተላቸው፤ ቈይቶም የመንግሥት ገንዘብ ለክፍያው ድጎማ ተሰጠ። 1,700 ያህል የጥቁሮች ልጆች ግን ከ1959 እስከ 1964 ድረስ መማሪያ አጡ። አንዳንዶቹን የኩዌከር ክርስቲያኖች በሌላ ግዛት ካሉ ቤተሰቦች ዘንድ አስጠጓቸው፤ በመጨረሻው ዓመት በልግስና ገንዘብ የተቋቋመ ነፃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የቀሩት ትንባሆ ሲለቅሙ አደጉ።

ዳኛው፦ የፍርዱን ነገር አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አቋርጥሻለሁ። ግንቦት 25 ቀን 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመዘግየቱ ጊዜ አልቋል ብሎ፣ የበታቹ ዳኛ ጉባኤውን ግብር እንዲጥል ማዘዝ እንደሚችል ወሰነ። አንድ ዳኛ ሹማምንትን «ግብር ሰብስቡ» ብሎ ማዘዝ! ሕግ ሲማሩ የዳኛ እጅ የመንግሥትን ከረጢት አይነካም ተብለው ላደጉ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እኔ ግን ሳነበው ተቀምጬ የነበርሁት ሰውዬ ተነሣሁ።

መምህርቷ፦ ከዚያስ ምን አደረጉ? በነሐሴ 1964 ፍርድ ቤቱ ድጎማው እንዳይከፈል ሳያግዳቸው በፊት የጉባኤው አባላት በሌሊት ተሰብስበው ለነጮቹ ወላጆች 180,000 ዶላር ያህል የትምህርት ድጎማ አከፋፈሉ፤ ወላጆቹም በሌሊት ተጠርተው ቼካቸውን ወሰዱ።

ዳኛው፦ በሌሊት! ለዚህም የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1966 ፍርድ ቤት ደፍራችኋል ብሎ ገንዘቡን መልሱ አላቸው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለተማሪዎችሽ አንብቢላቸው፤ የጨዋውን ሹም ጥበብ የሚያውቅ ዳኛ መኖሩን ይወቁ።

መምህርቷ፦ አነብላቸዋለሁ። ከዚያም በ2004 የቨርጂኒያ መንግሥት ስላወጣው ነገር እነግራቸዋለሁ፤ በመዘጋቱ ትምህርት ያጡት ሰዎች እንዲማሩበት የትምህርት ገንዘብ መድቦ ነበር፤ ከሁለት ሚሊዮኑ ዶላር ግማሹን የሰጠ አንድ ባለጸጋ ነው። የመጡት ሰዎች ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሆናቸው ነበሩ።

ዳኛው፦ ካሣው ካለመምጣቱ ይሻላል። ግን አንድ ነገር አልነገርሽኝም፤ ይህ አውራጃ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ በግትርነት የጸናው ስለ ምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ከ1954ቱ ክሶች አንዱ የወጣው ከዚያው ስለሆነ ነው። የጥቁሮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪዎች ተሠርቶ ከ450 በላይ ይይዝ ነበር፤ ለትርፎቹ በሬንጅ የተለበጠ ወረቀት የለበሱ ጎጆዎች ነበር የተሠሩላቸው፤ ሲዘንብ ያፈሳሉ፣ በክረምት አይሞቁም። ሚያዝያ 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ከጓደኞቿ ጋራ ተማክራ፣ በከተማው የአውቶቡስ ጣቢያ ተማሪዎች ችግር ላይ ወድቀዋል ብሎ የሚናገር የስልክ ጥሪ ለርእሰ መምህሩ እንዲደርሰው አደረገች፤ እርሱ ወደ ጣቢያው ሲሮጥ ለየክፍሉ መምህራን ከርእሰ መምህሩ የተላከ የሚመስል ማስታወሻ ተበተነ፤ ሁሉም ወደ አዳራሹ ተሰበሰቡ፣ መምህራኑን አስወጥታ ከመድረኩ ላይ የሥራ ማቆሙን ዐወጀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ወደ ክፍል ተመለሱ፣ ክሱ ግን ሄደ።

ዳኛው፦ ማስታወሻው የርእሰ መምህሩ አልነበረም?

መምህርቷ፦ አልነበረም።

ዳኛው፦ እንግዲህ ይህ በሕግ ዐይን በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው፤ የስልኩም ጥሪ በሐሰት ማታለል ነው። ማስረጃውም የተሟላ ነው።

መምህርቷ፦ በእርስዎ ችሎት ብትቀርብ ስንት ይፈርዱባት ነበር?

ዳኛው፦ ቀጠሮ እሰጣት ነበር። ረጅም ቀጠሮ።